ማርስ ወደ ኋላ የሄደች ሰሞን

የአንዳንዱን ሰው ትዳር የሚያዘገየው ቤት ማጣት ነው። የአንዳንዱን ደግሞ አማት። የእኔን ያዘገየችው ማርስ ናት። አዎ፣ ሰማይ ላይ ያለችው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ዛሬ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን እንኳን ሳቅ፣ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ነገሌ ቦረና ነው፤ በዘጠናዎቹ፣ እኔ ፀጉር በነበረኝ ዘመን። አባቴ ከጎጃም ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔም እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ ኮሌጅ ደረስ ብዬ ስመለስ እዚያው የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆንኩ። ነገሌን በመንገድ የሚያውቃት ሰው ስለ ቀይ አፈሯ ያወራል። እኔን የሚናፍቀኝ ማታዋ ነው። ጄኔሬተሩ አመሻሹ ላይ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል ይልና ዝም ይላል። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ በርጩማውን ይዞ ደጅ ይወጣል። የሚበላው ደጅ፣ የሚታማው ደጅ፣ የሚታረቀው ደጅ ነበር። ከላይ ደግሞ ያ ሰማይ አለ፤ ክፍት፣ ጥርት ያለ፣ የማንም ያልሆነ። አሁን የምኖርባት ሀዋሳ መብራቱ ሞልቷል፤ ሰማይ ግን አይቼባት አላውቅም።

በዚያ ዘመን ወይንሸትን እወድ ነበር። ወይንሸት የጋሽ ደግፌ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ጋሽ ደግፌ በወጣትነቱ ከቡታጅራ ወዲያ ካለ መንደር መጥቶ፣ ከመርፌ እስከ አካፋ የሚሸጥ ሱቅ ያቆመ ጉራጌ ነው። ከሰዓት በኋላ ባንኮኒው ላይ የምትቆመው እሷ ስለሆነች፣ እኔም ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ሳሙና ያልቅብኛል። ያን ዓመት የገዛሁትን ሳሙና ዛሬም ታጥቤ የጨረስኩት አይመስለኝም። ትወደኝ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ሳሙናውን ስትሰጠኝ ፈገግ ትል ነበር። ለእኔ ይህ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነበር።

ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ፤ ያውም ቶሎ። ጋሽ ደግፌ በየዓመቱ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ጉራጌ መስቀልን ሰው አገር አይውልም። በመስቀል ደግሞ ክትፎ ብቻ አይደለም የሚቀርበው፤ ወጣቱም ይተጫጫል። ዘንድሮ ወይንሸትንም ይዟት ሊሄድ ነው፣ መርካቶ ሱቅ ያለው አንድ የአገር ልጅ ታስቦላታል የሚል ወሬ ሰማሁ። በነገሌ ወሬ ውሸት ሆኖ አያውቅም፤ ቢበዛ ትንሽ ይቸኩላል። እንግዲህ ከመስቀል በፊት ሽማግሌ ካልገባ እኔ አበቃልኝ።

የሽማግሌው አለቃ ማን እንደሚሆን ማሰብ አላስፈለገኝም። ኦቦ ጉዮ ናቸው። የሟቹ አባቴ ጓደኛ፣ ከብታቸው ቆላ፣ ቤታቸው ከተማ የሆነ፣ ረጅም ቀጭን የቦረና ሽማግሌ ናቸው። የከተማውን ግማሽ እሳቸው አጋብተዋል፤ የቀረውን ግማሽ አስታርቀዋል። አንድ ልማድ አላቸው፤ ቀን ሳያስጠይቁ ጉዳይ አይጀምሩም። በቦረና ቀን ሁሉ የራሱ ስምና ጠባይ አለው፤ ይህን ቆጥረው የሚያውቁ አያንቱ የሚባሉ ሰዎችም አሉ። ኦቦ ጉዮ አስጠየቁ። እሑድ መልካም ቀን ነው ተባለ። ተቆረጠ።

እዚህ ላይ አርፌ ብቀመጥ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር።

ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ። እኛም እንደ ልማዳችን ጋሽ ደግፌ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥን። ሬዲዮው ማርስ ወደ መሬት ቀርባለች ብሎ ስለነበር ሰው ሁሉ በምሥራቅ በኩል ብቅ ያለችውን ቀይ ኮከብ እያየ የመሰለውን ይላል። አንዱ ጦርነት ነው አለ። ሌላው ድርቅ ነው አለ። ወይንሸት ውስጥ፣ ባንኮኒው ላይ ኩራዝ አብርታ ትሰማለች። እንግዲህ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኖ፣ የሚወዳት ልጅ እየሰማች፣ ስለ ሰማይ እየተወራ ዝም የሚል ወንድ ካለ ስሙን ንገሩኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩና ድምፄን ወደ ሱቁ አዙሬ፣ «ይህች ኮከብ አይደለችም፣ ፕላኔት ናት» ብዬ ጀመርኩ። «ደግሞ አንድ የማታውቁትን ልንገራችሁ። ከዚህ ሳምንት ወዲህ ወደ ኋላ መሄድ ጀምራለች።»

ሁሉም ፊቱን ከኮከቧ ወደ እኔ አዞረ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

«ወደ ኋላ?» አሉ ኦቦ ጉዮ ከጥግ።

«ወደ ኋላ ኦቦ ጉዮ። በአጠገቧ ካሉት ኮከቦች አንጻር ከሳምንት ሳምንት ቢያዩዋት፣ በመጣችበት ትመለሳለች።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መስቀል ገደማ» አልኩ ኮራ ብዬ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚባለው እንዲህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ጉዮ ዱላቸውን ቤቴ በር ላይ አስደግፈው ገቡ። «ናጋን ቡልቴ፣ ኢልመ ኮ?» ብለው፣ ሰላም አድሬ እንደሆነ እንደ ልጃቸው ጠየቁኝ። ናጋ ነው አልኩ። ከዚያ ተቀመጡና፣ «የእሑዱ ነገር ቀርቷል» አሉ።

«ምነው? አሞዎት ነው?»

«እኔ ደህና ነኝ። ኡርጂዋ ናት፣ ኮከቧ። ወደ ኋላ ትሄዳለች አላልክም? ወደ ኋላ በሚሄድ ነገር ሥር የተጀመረ ጉዳይ፣ እሱም ወደ ኋላ ይሄዳል።»

«ይህ በቦረና ወግ አለ?»

«የለም። የእኛ ሰዎች ቀኑን መልካም ነው ብለዋል። ስለዚች ቀይ ነገር ምንም አላሉም። ያልከው አንተ ነህ። አንተ ደግሞ አስተማሪ ነህ። የተማረ ሰው የነገረኝን ትቼ ብሄድና ነገሩ ቢበላሽ፣ ለአባትህ ነፍስ ምን እመልሳለሁ?»

«ኦቦ ጉዮ፣ ለዓይን እንዲያ ይመስላል እንጂ በእውነት ወደ ኋላ አትሄድም እኮ!»

«ትናንት ትሄዳለች አልክ። ዛሬ አትሄድም አልክ። ነገ ምን ልትል ነው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ብለምን፣ ብምል፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ፣ «ቶሌ፣ እሺ። አስረዳኝ። ከገባኝ እሄዳለሁ» አሉ። በደስታ ዘለልኩ። ማስረዳት ሥራዬ አይደል? የሚያስቸግር ተማሪ ያላጋጠመኝ ይመስል።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ወሬው ከተማውን አዳርሷል። ያን ሰሞን ነገሌ ማታ ማታ አንገቷን አንጋጣ የምታመሽ ከተማ ሆነች። ኮከቧ ስትመለስ በዓይናችን እናያለን ብለው እስኪደክማቸው የሚጠብቁ ነበሩ። በሳምንታት እንጂ በአንድ ምሽት አይታይም ብል ማን ይስማኝ? አንዲት ጎረቤታችን አንገቷን እያሸች፣ «የእኔም ባል እንዲሁ ነው፤ ይምጣ ይሂድ ሳይታወቅ ነው ዘመኑ ያለቀው» አለች። እኔንም ማርስ እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ «ማርስ፣ ዛሬ ወዴት ነሽ?» የሚለኝ አይጠፋም።

የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠሁት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ኦቦ ጉዮን መሀል ሜዳ በርጩማ ላይ ማስቀመጥ ሳይሆን፣ የመሬትን ቦታ ከያዘው ከስፖርት አስተማሪው ጋር ማስሮጥ ነበረብኝ፤ የሚታየው ከመሬት ላይ ሆነው ነውና። ሽማግሌ ግን አይሮጥም። ስለዚህ እሳቸው ተቀምጠው እንዲያዩ ተስማማን። የስፖርት አስተማሪው መሬት ሆኖ በውስጠኛው መስመር፣ እኔ ማርስ ሆኜ በውጭኛው ዞርን። «መሬት ፈጣን ናት፣ ማርስ ዝግ ትላለች! መሬት ደርሳ ስታልፋት፣ ማርስ ከዛፎቹ አንጻር ወደ ኋላ የምትንሸራተት ትመስላለች!» እያልኩ እየሮጥኩ አስረዳሁ። ኳስ ሊጫወት የመጣው ጎረምሳ ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል። ጥቂት እንደዞርን ትንፋሼ ቁርጥ አለና ኦቦ ጉዮ እግር ሥር ዘፍ አልኩ።

«ገባዎት?» አልኳቸው።

«ወደ ኋላ አልሄድክም፤ ደክሞህ ነው» አሉ። ከዚያ ለስፖርት አስተማሪው፣ «ውሃ ስጠው» አሉት።

ስህተቱ ገባኝ። ተመልካቹ ራሱ መንቀሳቀስ አለበት። ጓደኛዬ ሁሴን ከነገሌ ዶሎ ኦዶ በኢሱዙ ጭነት ያመላልሳል። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጉዮን ጋቢና መሀል አስቀመጥንና በፊልቱ መንገድ ወጣን። ሐሳቤ ቀላል ነበር። የእኛ ኢሱዙ መሬት ናት። ቀድመን የምናልፈው መኪና ማርስ ነው። ከሩቅ የሚታየው ኮረብታ ደግሞ ኮከቦቹ ናቸው። ቀድመን ስናልፍ፣ ያ መኪና ወደ ፊት እየሄደም ቢሆን ከኮረብታው አንጻር ወደ ኋላ ሲቀር ይታያል። ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ነገር አለ?

የጎደለን መኪና ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን በፊልቱ መንገድ ላይ የሚቀደም መኪና ማግኘት ዕጣ ነው። ሄድን፣ ሄድን። በመጨረሻ አንድ ግመል አገኘን። «ይኸው፣ ማርስ!» አልኩ። ኦቦ ጉዮ አይተው፣ «ይህ ቆሞ ግራር እየበላ ነው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄደም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተስፋ ቆርጠን ተመለስን።

ከተማ ልንደርስ ስንል ከፊታችን አንዲት የውሃ ቦቴ እያቃሰተች ስትጓዝ አየን። ከእሷ ማዶ ኮረብታው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እግዜር ራሱ ያዘጋጀው የማስተማሪያ መሣሪያ ነው አልኩ። «ሁሴን፣ ርገጠው!» ሁሴን ረገጠው። ከቦቴዋ ጎን ስንደርስ ግማሽ አካሌን በመስኮት አውጥቼ፣ ጣቴን ቀስሬ፣ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ጮኽኩ፦

«ይመልከቱት ኦቦ ጉዮ! ይኸው ወደ ኋላ እየቀረ ነው! ወደ ፊት የሚሄድ ይመስለዋል፣ ግን ወደ ኋላ ነው!»

ከቦቴዋ ሹፌር ትከሻ በላይ አንድ የማውቀው ፊት ዘወር ብሎ አየኝ። ጋሽ ደግፌ ነው። ፊልቱ ዕቃ አድርሶ ሲመለስ ሊፍት ጠይቆ ኖሯል። ጣቴ እሱ ላይ እንደተቀሰረ ቀረ። ከዚያ አለፍነው፤ አቧራችን ደግሞ እሱ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ይቅርታ ለመጠየቅ ስደርስ ኦቦ ጉዮ ቀድመውኛል። ጋሽ ደግፌ ቢታጠብም ቅንድቡ እንደቀላ ነበር። ወይንሸት ከባንኮኒው ኋላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ኦቦ ጉዮ፣ አንቱ እንኳ?» ይላል ጋሽ ደግፌ። «ይህ ልጅስ ልጅ ነው። አንቱ በዚህ ዕድሜዎ መንገድ ለመንገድ ሰው ሊያበሽቁ ይወጣሉ?»

«ሳይንስ እየተማርኩ ነው» አሉ ኦቦ ጉዮ ፊታቸውን ሳያፈኩ።

«እና ምን ተማሩ?»

«ገና አልገባኝም። ትምህርቱ ብዙ ነው።»

ያን ያህል ደክሜ ገና አልገባኝም ይላሉ! ነሐሴ አለቀ። አዲስ ዓመት ገባ። ደጋግሜ ሄድኩባቸው። በሎሚና በብርቱካን አስረዳሁ። በሁለት በግ አስረዳሁ። ሁልጊዜ በትዕግሥት ይሰሙኛል፤ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ «እስኪ ደግሞ ከመጀመሪያው ንገረኝ» ይላሉ። ሌላ ሽማግሌ ልፈልግ ብዬም ነበር። ነገር ግን ኦቦ ጉዮ የያዙትን ጉዳይ የሚነካ ሰው በከተማው የለም።

ከዚያ ጋሽ ደግፌ ሄደ። ወይንሸትንም ይዟት ሄደ። መናኸሪያው ጥግ ቆሜ አውቶቡሱ ሲወጣ አየሁ። እሷ በመስኮት በኩል ነበረች፤ አየችኝ ወይስ ፀሐይ መትቷት ነው ዓይኗን ያጠበበችው፣ አላወቅኩም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ማንም ስላላየኝ አላፈርኩም።

የሚያስቀው ከዚያ በኋላ ነው። ማርስ በእውነት ወደ ኋላ እንደማትሄድ ከተማውን ሙሉ ሳስረዳ የከረምኩት ሰውዬ፣ ማታ ማታ ግቢዬ መሀል ቆሜ፣ «በእናትሽ ተመለሺ» እያልኩ እለምናት ጀመር። ሳያት እሷ እንኳ ግራ የገባት ትመስላለች። ቆመች። ቆየች። ከዚያ የደመራ ሰሞን ቀስ ብላ ወደ ፊት ፈቀቅ ማለት ጀመረች። እየሮጥኩ ኦቦ ጉዮ ቤት ሄድኩ።

«ተመልሳለች?» አሉ።

«ተመልሳለች። ግን ምን ዋጋ አለው? ሰዎቹ የሉም።»

«ሰዎቹ የት ናቸው?»

«አገራቸው።»

«አገራቸው መንገድ የለውም?» አሉና ዱላቸውን አነሡ።

ከሻሸመኔ አልፈው የማያውቁ ሰው፣ ሁሴንን አስከትለው፣ በክብረ መንግሥት አድርገው ወደ ጉራጌ አገር ተነሡ። እኔ ትምህርት ተከፍቶብኝ ቀረሁ። ተንቀሳቃሽ ስልክ ያልነበረበት ዘመን ነው። ማታ ማታ መናኸሪያ እየሄድኩ ከላይ የሚመጣውን አውቶቡስ እጠብቃለሁ። የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት አያለሁ። ከዚያ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ሳምንት የረዘመ ሳምንት አላየሁም።

አንድ ማታ ኦቦ ጉዮ ከአውቶቡሱ ወረዱ። ጉልበታቸውን እያሹ ሰላም አሉኝ፤ ስለ ከብት ጠየቁኝ፤ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። የሰው ነፍስ እየወጣች ዝናብ! ሁሴን አላስቻለውም። «ሰጥተውናል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ደግፌ ነገሌ ሳለ ሽማግሌ ቢገባ፣ «አገር ቤት ያለውን ዘመድ ላማክር» ብሎ ዓመት ሊያቆየን ይችል ነበር። አገር ቤት ሲደረስበት ግን ዘመዱ በሙሉ ክትፎ እየበላ ከጎኑ ተቀምጧል። ማንን ሊያማክር ነው? አንድ የቦረና ሽማግሌ ሁለት ቀን ተጉዞ ደጃፋችን ደርሶ እንዴት ባዶ እጁን ይመለሳል ብለው አጎቶቹ ተቆጡት። ኦቦ ጉዮ ስለ ጉዞው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሥጋውን በጥሬው አቀረቡልኝ። በላሁት። ለአንተ ብዬ ነው።»

በጥር ተጋባን።

ይህን ታሪክ ለዓመታት እንዲህ ነበር የማወራው። በሰርግ፣ በልደት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር። ወይንሸት ከጎኔ ሆና ትስቃለች፤ አንድም ቀን አላረመችኝም።

በቅርቡ ኦቦ ጉዮ አረፉ። ለለቅሶ ሁለታችንም ነገሌ ወረድን። ከተማው አድጓል፤ መብራቱ በዝቷል፤ የጋሽ ደግፌ ሱቅ የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሟል። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ወይንሸት ለረጅም ጊዜ በመስኮት ስታይ ቆየችና፣ «አሁን ልንገርህ። እሳቸው እያሉ አይሆንም ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ያን እሑድ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

ቀጠለች። ሽማግሌ ሊገባ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እሷም ሰምታለች። ያን ዓርብ በማለዳ ኦቦ ጉዮ ስኳር ሊገዙ ሲመጡ፣ እሑድ አይምጡ፣ ገና አልወሰንኩም አለቻቸው።

«'ምን ምክንያት ልስጠው?' አሉኝ። ምክንያት አልነበረኝም። ትንሽ አሰቡና፣ 'ግዴለም፣ ትናንት ማታ ራሱ ሰጥቶናል' አሉ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ትምህርት? ሩጫው? ብርቱካኑ?»

«በመጀመሪያው ቀን ነው የገባቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ እየመጡ፣ 'ወሰንሽ ወይ፣ ልጄ?' ይሉኛል። 'ገና ነኝ' እላለሁ። 'እንግዲያው ኮከቡም ገና ነው' ብለው ይሄዳሉ። ያን የመርካቶውንም ሳላየው እንዴት ልወስን? አየሁት። ደህና ሰው ነበር።» ሳቀች። «ከዚያ ኦቦ ጉዮ መጡ። ቤት ከመግባታቸው በፊት አጥሩ ጋ አስጠሩኝ። አቧራ በአቧራ ሆነዋል። እዚያም ያንኑ ጠየቁኝ።»

«ገና ነኝ ብትያቸውስ ኖሮ?»

«'ገና ከሆንሽ ለበዓሉ ነው የመጣሁት እላቸዋለሁ፤ በልቼ እመለሳለሁ' አሉኝ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ መንገድ ሄድን። ልጆች ወልደን አሳድገናል፤ እኔ ግን አንድም ቀን እሷን ራሷን ጠይቄያት እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩና፣ «ወይንሸት፣ ታገቢኛለሽ?» አልኳት።

ፊቷን ከመስኮቱ ሳታዞር ትንሽ አሰበች።

«ገና ነኝ» አለችና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ እስከ ክብረ መንግሥት ተኛች።